ያላቀናሁት ሹራብ

እርጥብ ሱፍ ከሰል አጠገብ ሲደርቅ ምን እንደሚሸት በደንብ የሚያውቀው የባሌ ሰው ይመስለኛል። ግማሹ የበግ፣ ግማሹ የጭስ ሽታ ነው፤ ትንሽ ቸል ካሉት ደግሞ የተቃጠለ ፀጉር ይጨመርበታል። ባለፈው ግንቦት ለዘመድ ሠርግ ሮቤ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ሙሚና ሱቅ እስክደርስ ድረስ ዝናቡ አበሰበሰኝ። ሙሚና የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ በአጥር እየተሹለኮለክን ነው ያደግነው። ገና ሰላም ሳንባባል ሹራቤን አስወለቀችኝና ጓዳ ካለው የከሰል ምድጃ አጠገብ ወንበር ላይ ሰቀለችው። ትንሽ ቆይቶ ሽታው ሲመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። ያውም ወንጀለኛ የዘጠኝ ዓመት ልጅ።

ምክንያቱም እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ሮቤን በጎርፍ አጥለቅልቄያለሁ። ቢያንስ ሰፈራችንን። ያን ጊዜ ይህን የምናውቀው እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነበርን፤ እሱም እስከማውቀው ድረስ ለማንም አልተናገረም።

ነገሩ የጀመረው በድርቅ ነው። አባቴ የግብርና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከጽሕፈቱ ሌላ ደግሞ ግቢያችን መሃል አጭር እንጨት ላይ የተተከለ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ እንዲጠብቅ አደራ ተሰጥቶታል። በየቀኑ፣ ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት፣ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ባለው ብርጭቆ ይለካና ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሌሎች የሰፈር ልጆች ውሃ ይቀዳሉ፣ ኩበት ይለቅማሉ፤ የእኔ ሥራ መዝገብና እስክሪብቶ ይዤ ከአባባ ጎን መቆም ነበር። የመንግሥት ሥራ ስለሆነ በጣም እኮራበት ነበር። በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሌም አረፍዳለሁ፤ መምህራኑም ለምደውኛል።

ያን ዓመት መጋቢት ሙሉ አልዘነበም። ሚያዝያ ገባ፤ አሁንም የለም። አባባ ግን ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ይወጣል። ቆርቆሮውን ከፍቶ በአንድ ዓይኑ ወደ ውስጥ ያያል። ከዚያ ሰው እንደሞተበት በዝቅተኛ ድምፅ «ዜሮ» ይላል፤ መዝገቡን ከእጄ ወስዶም ራሱ ይጽፈዋል። ዜሮዎቹ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰልፈው ሳያቸው አባባ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። አንድ ቀን ተደብቄ ቆርቆሮው ውስጥ ትንሽ ውሃ ልጨምርለት አስቤ፣ የመንግሥት ንብረት ነውና እታሰራለሁ ብዬ ተውኩት።

በአጥር የሚዋሰኑን ሐጂ ቃሲም ነበሩ፤ የሙሚና አባት። ሽማግሌ የእህል ነጋዴ ናቸው፣ የሰፈሩን ትንሽ መስጊድም ያሰግዳሉ። ሙሚናን የወለዱት በስተርጅና ነው። እናቷ ስለሞተች እሷ የምትበላው እኛ ቤት፣ የምታድረው እሳቸው ቤት ነበር። ቤታቸው ከእኛ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ነው። ወንዝ ስል፣ በበጋ እኔና ሙሚና እግራችንን ሳናረጥብ የምንዘለው ነገር ማለቴ ነው። ሐጂ ቀልድ ይወዳሉ። አባባ ጠዋት መለኪያው ሥር ሲቆም በአጥሩ አንገታቸውን ብቅ ያደርጉና፣ «ተካ፣ መዝገብ ይዘህ ቆመህ እያየህ የትኛው ዝናብ ደፍሮ ይወርዳል? ልመዘገብ ብሎ የሚመጣ አለ እንዴ?» ይሉታል። አባባ ቀልዱን አይወደውም፤ ግን ለሐጂ መልስ አይሰጥም።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል የሰፈሩ ሙስሊሞች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ለዝናብ ሊሰግዱ ነው ተባለ። ጥጆችና ጠቦቶችም ይወሰዳሉ፤ እንስሳትም ይለምኑ ዘንድ ነው። ሙሚና አንዲት ጠቦት እየጎተተች ስትሄድ አየኋት፤ ተከተልኳት። እማዬ ትምህርት ቤት የሄድኩ መስሏት ነበር። እማዬ ማህበርተኛ፣ ጾሟን የማትሽር ክርስቲያን ስለሆነች ይህን ልነግራት አልችልም ነበር። ይህ በኋላ ብዙ አመጣ።

ሴቶችና ልጆች ከኋላ ቆምን። ስግደቱ ካለቀ በኋላ ሐጂ ቃሲም ካፖርታቸውን አወለቁ። ያ ካፖርት ከማርጀቱ የተነሳ ገበሩና ላዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል፤ የሚለየው በደረቱ ኪስ ብቻ ነው። ገልብጠው መልሰው ለበሱት። ሲገለብጡት የጥርስ መፋቂያቸውና መነጽራቸው ከደረት ኪሳቸው ወደቁ፤ ሙሚና ሮጣ አነሳችላቸው። ከዚያ ወንዶቹ ሁሉ ጋቢያቸውን፣ ጃኬታቸውን ገለበጡ። ለምን እንደሆነ ሙሚናን ጠየቅኋት።

«ነገሩ እንዲገለበጥልን ነዋ» አለችኝ፤ ይህን አለማወቄ ገርሟት። «ድርቁ ወደ ዝናብ።»

ይህ ለእኔ ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ከመጨመር በጣም የተሻለ ዘዴ ነበር። እማዬ የሠራችልኝን አረንጓዴ ሹራብ፣ ግራ እጅጌው ከቀኙ የሚረዝመውን፣ ገልብጬ ለበስኩ። ሁሉም በኦሮምኛ «ያ ረቢ፣ ሮባ ኑፍ ኬኒ» እያለ ዝናብ ሲለምን እኔም እጄን ዘርግቼ ለመንኩ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ምህላ ሄድኩ። እዚያም አልሰነፍኩም፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። እንግዲህ አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ በሁለት በር ገብቶ አመልክቷል ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ።

አባባ ያን ቀን ጠዋት ከዜሮ ሌላ ቁጥር ከመጻፉ በፊት እስክሪብቶው ይሠራ እንደሆነ መዳፉ ላይ ሞከረው። ጎረቤቱ ሁሉ ብርጭቆውን ሊያይ መጣ፤ ሐጂም በአጥሩ አንገታቸውን አውጥተው እንኳን ደስ ያለህ አሉት። እኔ መዝገብ ይዤ ቆምኩ። ሹራቤን ግን አላቀናሁትም። ሳቀናው ዝናቡ ቢቆምስ? እማዬ ተገልብጦ ባየችው ቁጥር እንዳቀናው ትቆጣለች። ስፌቱ ውስጥ ውስጡን ይከረክረኛል አልኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይከረክረኝ የለበስኩት ሹራብ ነው። «ይቺ ልጅ ደግሞ ቆዳዋ መቼ ነው የከበረው?» ብላ ተወችኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰዉ ሰማይ ሰማዩን እያየ ከንፈሩን መምጠጥ ጀመረ። የባሌ ጥቁር አፈር ከረጠበ ጫማ ይበላል፤ አንድ መምህራችን ክፍል የገባው በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ነበር። አባባ ቆርቆሮው እየሞላ ስላስቸገረው በቀን ሁለት ጊዜ ይለካ ጀመር። እኔ በልቤ፣ አሁን በቃ፣ ሹራቡን ላቀናው አልኩ። አልኩና፣ የሙሚና ወንድም ጎሮ በምትባለው ከተማ አጠገብ የዘራው ስንዴ ገና ውሃ አልጠገበም ሲባል ሰማሁ፤ ሁለት ቀን ልጨምርለት ብዬ ተውኩት። ልግስናዬ ነው ያጠፋኝ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ወንዙ መጣ። ወንዝ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ሁሌ ባለበት የሚቀመጥ ነገር ነበር። መጀመሪያ የሐጂ ግቢ ዶሮዎች ሲጮሁ ሰማን። ከዚያ የማናውቀው የልብስ ሳፋ፣ በውስጡ አንድ አውራ ዶሮ እንደ ባለሥልጣን ቆሞ፣ በአጥራችን ቀዳዳ ገባ። ከሱ ኋላ ውሃው። እማዬ በሩን ዘግታ ከሥሩ ባለው ክፍተት ጆንያ ጠቀጠቀች፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀጠቀች። አሁንም ሲገባባት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ልብስ እጇ የደረሰበትን ይዛ ሸጎጠች። ሹራቤ ነው።

«እማዬ፣ ሹራቤ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቤት እየሄደ ስለ ሹራብ ታወሪያለሽ?» አለችኝና በጓዳው መስኮት አውጥታ ለአባባ አቀበለችኝ።

ያኔ ሮቤ የጋሪ ከተማ ነበረች። ከድር የሚባለው ባለጋሪ ፈረሱን እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ እየነዳ ሰዉን ከታችኛው ሰፈር ወደ ትምህርት ቤቱ አመላለሰ። ሰው ከጎርፍ ምን ይዞ እንደሚወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። እማዬ ዱቄቱን ትታ የሬዲዮኑን ዳንቴል ይዛ ወጣች፤ ሬዲዮኑ ግን ቀረ። አባባ የዝናብ መዝገቡን ሸሚዙ ውስጥ ከቷል። ሐጂ ቃሲም የግድግዳ ሰዓታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጋሪው ሲንገዳገድ ምንም ሳይመስላቸው፣ ከካፖርታቸው የደረት ኪስ መፋቂያቸውን አውጥተው ጥርሳቸውን እየፋቁ ሄዱ። ሙሚና ጠቦቷን አቅፋለች። እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ፤ ያጣሁት ነገር ምን እንደሆነ የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ።

ያረፍነው አንድ ክፍል ውስጥ፣ አራት ቤተሰብ ሆነን ነው። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ እግር ያለውን ጥቁር ሰሌዳ በመሃል አቁመን ለሐጂና ለሙሚና ጓዳ አደረግንላቸው። ሰሌዳው ላይ ዓርብ ዕለት የተጻፈው ትምህርት አልጠፋም ነበር። አባባ ኦሮምኛውን አሳምሮ ይናገራል፤ እኛ ትምህርት ቤት የምንጽፍበትን ቁቤ ግን ማንበብ አልለመደም። ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ። «ፋይዳ ቢሻኒ» ብዬ አነበብኩለት፤ የውሃ ጥቅሞች። ከአንድ እስከ ሰባት በቁጥር ተዘርዝረዋል። አባባ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ከዚያ ለሐጂ ነገራቸው፣ እሳቸውም ሳቁ። የሐጂ ሰዓት ደግሞ በጉዞው ተናግቶ ይሁን አይታወቅም፣ በፈለገው ጊዜ የፈለገውን ያህል ይደውል ጀመር። ምሳ ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ሲደውል ሁሉም በትዕግሥት እየቆጠረ ይጠብቀዋል።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁላችንንም ሰብስበው ግምገማ አደረጉ። በዚያ ዘመን ያለ ግምገማ የሚያልፍ ነገር አልነበረም፤ ጎርፍም አላለፈም። ሊቀመንበሩ የመምህሩ ጠረጴዛ ኋላ ቆመው፣ ይህ ችግር እንዲሁ ከሰማይ አልመጣም፣ ያመጣው ሰው አለ አሉ። አንዱ ቦይ ያልቆፈሩትን አነሳ፣ ሌላው ቦዩ ላይ አጥር ያጠሩትን አነሳ፤ የተነሱት ደግሞ ያነሷቸውን አነሱ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አንስተው፣ እስቲ ጣት መቀሳሰሩን ትተን ጥፋት ያለበት ራሱን ያጋልጥ አሉ። ራሱን ያጋለጠ ይቅር እንደሚባል ከዚህ በፊት ሰምቻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን አወጣሁ።

ሊቀመንበሩ አዩኝና፣ «ወላጆቿ የት ናችሁ? ልጅቷን ሽንት ቤት ውሰዷት» አሉ።

እማዬ እጄን ይዛ አወጣችኝ። ሽንቴ ስላልመጣ ደግሞ ተቆጣችኝ።

ዝናቡ ቀጠለ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሙሚና ጠቦቷን እያሻሸች፣ የቤታቸው የኋላ ግድግዳ እንደተሰነጠቀ ነገረችኝ። ውሃው አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ይወድቃል። ጎሮ ያለው ወንድሟ ማክሰኞ ዕለት በአይሱዙ መጥቶ እቃቸውን ጭኖ ይወስዳቸዋል፤ ቤቱ ከወደቀ አይመለሱም። «ጎሮ ትልቅ ገበያ አለ» አለችኝ ሙሚና፤ ፊቷ ግን ገበያ ያማራት ሰው ፊት አልነበረም። ያለ ሙሚና ከማን ጋር እንደምጫወት፣ በአጥሩ ማን አንገቱን እንደሚያወጣ አሰብኩ። ይህን ሁሉ የሚያቆም ነገር በራችን ሥር ተሸጉጦ ነበር።

መፍትሔው አባባ ነበር። ጎርፍ መጣ ተብሎ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት አይቀርም። እሑድም ሄዶ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት እንደገና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ሲነሳ እማዬ አበድክ አለችው። አንድ ቀን ከተዘለለ መዝገቡ መዝገብ አይሆንም አላት። መዝገብ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል አልኩ እኔ። በከድር ጋሪ ሄድን። ውሃው ጎድሎ እኔን ወገቤ ድረስ ብቻ ይደርሳል፤ መለኪያው ከውሃው በላይ በስንዝር ያህል ቆሟል። አባባ ጎርፉ እንዳይረጭበት በኮቱ ከልሎ በጥንቃቄ ቀዳው። ዙሪያችን ሁሉ ውሃ ሆኖ እሱ የብርጭቆውን ነጠብጣብ ይቆጥራል። ጎርፉን ለምን አንለካውም ብዬ ስጠይቀው፣ «እሱ የሌላ ሰው ሥራ ነው። እኛ የምንጽፈው ከላይ የወረደውን ብቻ ነው» አለኝ። አባባ ያላየውን አይጽፍም፣ ያየውን አይተውም ነበር።

እሱ ሲጽፍ እኔ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ደጃፋችን ከፍ ስለሚል ውሃው እዚያ ከቁርጭምጭሚቴ አያልፍም። አረንጓዴ እጅጌ ከበሩ ሥር ትንሽ ወጥቷል፤ ረጅሙ እጅጌ። በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። እማዬ አጥብቃ ነው የጠቀጠቀችው፤ እግሬን በሩ ላይ ረግጬ ስስበው ከብርድ ልብሱና ከጆንያው ጋር ነቅሎ ወጣና በጀርባዬ ውሃው ውስጥ ወደቅሁ። ከኔ ኋላ ቤቱ በሙሉ መጣ። ለካስ ከውጭ ያለው ውሃ ሲጎድል ከጓዳው በኩል የገባው ውስጥ ታግቶ ቀርቶ ኖሯል፤ እማዬ በሥነ ሥርዓት የደፈነችው በር ውሃውን ከመከልከል ይልቅ አቁሮታል። በሩን በርግዶ እየተግተለተለ ወጣ፤ ወንፊታችን፣ የአባባ ባርኔጣ፣ ያ አውራ ዶሮ የመጣበት ሳፋ ሳይቀር። አባባ መዝገቡን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆሞ አየ። ከዚያ፣ ይቺ ልጅ መሐንዲስ ትሆናለች አለ። ትምህርት ቤት ስንመለስ ለሁሉም ነገረ፤ ቤቱን በብልሃቷ አዳነችው ተባለ። እማዬ እንኳ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔ ግን እርጥቡን ሹራብ አቅንቼ ለብሼ መስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማዩን እጠብቃለሁ።

አላቆመም። እስከ ቀትር ጠበቅሁት፣ አላቆመም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅሁት። ሹራቤ ላይ ያለውን ስፌት አንድ በአንድ አየሁ፤ ተቃንቷል። ኪስ የለውም እንጂ ኪሱንም አየው ነበር። ነገ ማክሰኞ ነው፣ አይሱዙው ይመጣል። ከዚያ በላይ ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም።

ሐጂ የዐስር ሶላታቸውን ሰግደው ሰሌዳው ፊት ለፊት አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሌላው ሰው ሊቀመንበሩ ስንዴ ሊያከፋፍሉ ነው ተብሎ ግቢ ወጥቷል።

«ሐጂ፣ ጎርፉ በኔ ነው» አልኳቸው።

አልሳቁም። መፋቂያቸውን ሊያወጡ ወደ ደረታቸው የሰደዱትን እጅ መልሰው፣ «በምን?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሜዳው ላይ ሹራቤን እንደገለበጥኩ፣ ምህላም እንደሄድኩ፣ ሆን ብዬ እንዳላቀናሁት፣ ለጎሮ ስንዴ ሁለት ቀን እንደጨመርኩ። እያለቀስኩ ስለነበር የጎሮውን ሁለት ጊዜ ነው የነገርኳቸው። ሐጂ ጢማቸውን እየነካኩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አሁን አቅንተሽዋል?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ግን አልቆመም።»

«አልቆመም።»

አሰብ አደረጉ። ከዚያ «እዚህ ቆዪኝ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከሰሌዳው ኋላ ገቡ። ከኋላ የሹክሹክታ ድምፅ ሰማሁ። እኔ አፍንጫዬን እየጠረግሁ የውሃን ጥቅሞች አነበብኩ፤ አራተኛው ላይ ስደርስ ተመልሰው ወጡ። መፋቂያቸው አፋቸው ውስጥ ነበር።

«እስቲ ካፖርቴን እዪው» አሉኝ።

አየሁት። ስፌቱ ወደ ውጭ ነው፤ የደረቱ ኪስ ከረጢት እንደ ጆሮ ተንጠልጥሏል።

«ተገልብጧል!» አልኩ።

«ያንቺስ?»

«ተቃንቷል።»

«እንግዲህ አንቺ ፍረጂ። ዝናብ በአላህ እጅ ነው። የልብስ ጉዳይ ከሆነ ግን፣ ያልተቃናው የማን ልብስ ነው?»

«የእርስዎ» አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንደዚያ እፎይ ብዬ አላውቅም። የተሸከምኩት ሁሉ፣ ሳፋው፣ ግድግዳው፣ አይሱዙው፣ ከላዬ ወርዶ እሳቸው ላይ ተቀመጠ። ወዲያውም ተናደድኩባቸው። እኔ ልጅ ነኝ፤ እሳቸው ግን ትልቅ ሰው፣ የሚያሰግዱ ሰው። «እንዴት ሳያቀኑት ቀሩ?» አልኳቸው።

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። «አፉ በይኝ» አሉ።

አፉ አልኳቸው። ካፖርታቸውን ፊቴ አውልቀው፣ «ቢስሚላህ» ብለው አቅንተው ለበሱት፤ መፋቂያውንም ኪሱ መለሱት። ሰው ቢሰማ ያፍራሉ ብዬ ስላሰብኩ ለማንም እንደማልናገርባቸው ቃል ገባሁላቸው። እሳቸውም አመሰገኑኝ።

ዝናቡ ወዲያው አልቆመም። ካፖርት ከሹራብ ስለሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል ብዬ ታገስኩ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አባራ። አይሱዙውም መንገዱ ጭቃ ሆኖበት አንድ ቀን ዘግይቶ ረቡዕ መጣ። ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት አባባ መለኪያውን ከፍቶ በአንድ ዓይኑ አየ። ያን ዓመት ስንት ጊዜ ያን ቃል ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። «ዜሮ!» ብሎ ሲጮህ ከድር ከጋሪው ላይ አጨበጨበ። መዝገቡን ሰጥቶኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔው ጻፍኩት።

የሐጂ የኋላ ግድግዳ ከፊሉ ተደርምሷል፤ ቤቱ ግን ቆሟል። ልጃቸው ከአይሱዙው ወርዶ ዕቃ ልጫን ሲል ሐጂ ሰማዩን አሳዩት። ከሳቸው ጋር ተከራክሮ የሚረታ የለም። የግድግዳ ሰዓቱን ብቻ ላሳድስልህ ብሎ ወሰደ፤ ይህም ለሁላችንም በጎ ሥራ ነበር። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ጭቃ አቡክቶ የሐጂን ግድግዳ መለሰው። እኔና ሙሚና ጭድ እየበተንን ረገጥን፤ ጭቃው በጣም ደስ ይል ነበር።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ሙሚና ሱቅ፣ ሹራቤ ከወንበሩ ላይ እየሸተተኝ ነው። ሐጂ ካለፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። እንግዲህ አሁን ብናገርባቸውም አያፍሩም ብዬ ለሙሚና ምስጢራቸውን አወጣሁት። ያ ጎርፍ በአባትሽ ነበር፣ ካፖርታቸውን ሳያቀኑት ቀርተው ነው፣ እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሸፍኜላቸዋለሁ አልኳት፤ ትንሽ እየኮራሁም ነበር።

ሙሚና ከሰሉን መቆስቆሷን ትታ አየችኝ። መጀመሪያ የምትስቅ መሰለኝ።

«እኔ እኮ ከሰሌዳው ኋላ ተኝቼ ነበር» አለችኝ። «ካፖርቱ የተቃና ነበር። መጣና አውልቆ ገለበጠው። ‘አባ፣ ምን እያደረግህ ነው?’ አልኩት። ‘ዝም በይ፤ ልጅቷ ፊት እንዳልዋሽ ነው’ አለኝ።»

ጋሪው ላይ ከደረት ኪሳቸው የወጣው መፋቂያ ያኔ ትዝ አለኝ። ያሉኝንም ቃል በቃል አስታወስኩ። ረስቻለሁ አላሉም። በእኔ ነው አላሉም። እዪው፣ ፍረጂ ነው ያሉት፤ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ተቆጥቼ፣ ይቅር ብያቸው፣ ሸፍኜላቸውም ነበር። ሳቅሁ፤ ሳቄ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደብኝ። ሙሚናም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ሙሚና ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ሹራቤን በአገጯ አመለከተችኝ። ስታስወልቀኝ በጥድፊያ ስለነበር ተገልብጦ ነው የተሰቀለው።

«ቶሎ አቅኚው» አለችኝ። «ዛሬ የሚሸከምልሽ የለም።»

ተነስቼ አቀናሁት።